14 ተማሪ፣ 11 ጀበና፦ ፎቶ ማንሳት በቴሌግራም የምታስተምሩ እስኪ ምከሩኝ

የጦሳ ጥግ (ደሴ)፦

ሰላም ጀማው፣ እንዴት ከረማችሁ?

ደሴ ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለችኝ። ጉርድ፣ ምርቃት፣ ሰርግ፣ የመጣውን እሠራለሁ። ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ 14 ልጆችን በቴሌግራም ፎቶ ማንሳት እያስተማርኩ ነው። በነፃ፤ ማን ላከህ አትበሉኝ። የጀመርኩት በእህቴ ልጅ ነው፤ እሱ ጓደኛውን ጠራ፣ ጓደኛው ዘመዱን፣ አሁን መርሳም፣ ውጫሌም፣ ኩታበርም፣ ባቲም፣ ሐይቅም፣ ላሊበላም ተማሪ አለኝ። ካሜራ ያለው አንድም የለም። ሁሉም በስልክ ነው፤ የሦስቱ ስልክ ያውም የእናታቸው ነው።

እሑድ ማታ አንድ ቻሌንጅ እለጥፋለሁ፣ እስከ ዓርብ ይልካሉ፣ ቅዳሜ ሱቅ ሳልከፍት በድምፅ አስተያየት እሰጣለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት «ውበት» አልኩ፤ አበባ መጣ። ሁለተኛው «ባህላችን»፤ 11 ጀበና መጣ። ከ11ዱ ሁለቱ ያው አንድ ጀበና ነው፣ ከኢንተርኔት የወረደ፣ ጥጉ ላይ የሌላ ሰው ስም ተጽፎበት! ሦስተኛው «ተስፋ»፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አንድ ችግኝ።

በአራተኛው ስለ ብርሃን ላስተምር ብዬ «ነገ ልክ 12 ሰዓት የቤታችሁን ደጃፍ አንሱ» አልኩ። ለኔ 12 ሰዓት ሊነጋጋ ሲል ነው። የልጆቹ ስልክ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ አምስቱ ስልካቸው 12፡00 ሲል፣ በቀትር ወጥተው አነሱ። ሁለቱ ማታ 12። በጎህ የተነሱት ሰባት ብቻ ናቸው። ተናድጄ ሳምንቱን ሰረዝኩት።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን የባቲዋ ልጅ ነገር ነው። «የሰው ፊት» ብዬ አዝዤ ነበር። ሰኞ ገበያ ወጥታ አንዲት ቅቤ የሚሸጡ እናት ስታነሳ ሴትዮዋ ስልኩን ሊነጥቋት ደረሱ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ገና 16 ዓመቷ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ «ሂዱና አንሱ» ማለት ቀላል ነው።

ሱቄ ውስጥ ረዳት ሳስተምር ትከሻውን ይዤ አዞረዋለሁ። «እዚህ ቁም፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ አየኸው?» በቃ፣ ይገባዋል። ቴሌግራም ላይ የምይዘው ትከሻ የለም፤ «እሺ ጋሼ» እና የአውራ ጣት ምልክት ብቻ። ዳታው ውድ ነው፣ ኔትወርክ ድራሹ የሚጠፋበት ሳምንትም አለ። ዓይን የሚከፍተው ምን ዓይነት ቻሌንጅ ነው? እናንተ ሞክራችሁ የሠራላችሁን ንገሩኝ። የዩቲዩቡን እኔም አይቼዋለሁ።

*

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦

ወንድሜ አብሽር። «ውበት»፣ «ተስፋ» ብለህ ካዘዝክ የሚመጣልህ ልጁ ያየው ሳይሆን አንተን ደስ ያሰኛል ብሎ የገመተው ነው። እኔ ሥዕል አስተምራለሁ፤ በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይኸው ደርሶብኛል። «ሰላም» ብዬ የእርግብ መዓት ሰብስቤያለሁ።

ዕቃ ስጣቸው፣ ለዕቃውም አጥር አብጅለት። «አንድ ወንበር። ወንበሩ አይነካም፣ እናንተ ዙሩ። 10 ፎቶ፣ አንዱ ሌላውን እንዳይመስል።» እስከ አራተኛው ድረስ ያው ነው፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። ወደ ስድስተኛው ሲደርሱ ሲቸግራቸው መሬት ላይ መተኛት ይጀምራሉ፤ ጥላውን ያያሉ፣ በገመድ የታሰረውን እግር ያያሉ። 10ሩንም አይላኩልህ፣ ዳታ ነው። የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ብቻ ይላኩ። ማውረድም አያዋጣቸውም፤ የእናቱን ወንበር ኢንተርኔት ላይ ማን አስቀመጠለት?

ቀጥሎ «ነጭ በነጭ» በል። ኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጠላ ያንሱ። ስልኩ ነጠላውን አመድ ያስመስለዋል። ካሜራ ብርሃን የሚለካው ፊቱ ያለው ነገር መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው፤ ነጭ ሲበዛበት በጣም በራ ብሎ ያጨልመዋል። በሳምንቱ «ጥቁር በጥቁር» በል፤ ከሰል፣ ጥላሸት የጠጣ ድስት። አሁን ደግሞ ያለ ልክ አብርቶ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል። ስክሪኑን ተጭኖ ይዞ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ማድረግን የምታሳያቸው ከዚህ በኋላ ነው። ኤክስፖዠር የምትለውን ቃል ሳታነሳት ይገባቸዋል። ቀድመህ ብታሳያቸው ግን ለምን እንደምትጠቅም አያውቋትም፣ በማግስቱ ይረሷታል።

ስለ 12 ሰዓቱ ግን ወላሂ ተናድጄብሃለሁ። ለምን ትሰርዘዋለህ? የንጋት፣ የቀትርና የምሽት ደጃፍ በአንድ ቀን እጅህ ገባልህ! ጎን ለጎን ለጥፈህ «የቀትሩ ጥላ የት ሄደ? ደጃፉ ላይ የቆመው ሰውዬ ዓይንስ ለምን ጉድጓድ መሰለ?» ብትላቸው ኖሮ በአፍ አንድ ወር የምትደክምበትን በአንድ ቀን ያዩት ነበር።

ርቀቱንም እንደ ኪሳራ ቆጠርከው። ደሴ ከኛ ከ25 ኪሎ ሜትር የማትርቅ ሆና 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲያወርድባችሁ ደሴ ጥላ የሌለው ለስላሳ ብርሃን ውስጥ ትሆናለች፤ እኛ ጋ ፀሐይ ነው፣ ባቲ ይጠብሳል። 14ቱን በአንድ ደቂቃ ተመሳሳይ ነገር አስነሳቸው። 14 ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ የሚያስተምር ይህን ከየት ያመጣዋል? ሰዓቱን ግን «ጠዋት 1 ሰዓት» ብለህ ጻፍ፣ በአላህ።

*

ያለ ፍላሽ (ወልድያ)፦

ጀበናን ባትንቋት ጥሩ ነበር።

ቁም ነገሩ፦ ፎቶውን እንደ ተራ ፎቶ ሲልኩት ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ የተነሳበትን ሰዓትም ያጠፋዋል። እንደ ፋይል ከላኩት ግን ጥራቱም፣ ውስጡ የተመዘገበው ቀንና ሰዓት፣ የሹተሩ ፍጥነት (ካሜራው ለብርሃን የተከፈተበት ጊዜ)፣ ሁሉም አብሮ ይመጣል። የወረደ ጀበና ያኔ ይጋለጣል። ዳታ ስለሚበላ አንዷን ብቻ በፋይል ይላኩ። አደራ ግን፣ የስልኩ ሎኬሽን ለካሜራ ክፍት ከሆነ የቤታቸው ቦታም እዚያው ተጽፎ ይመጣል። ሴት ልጆች አሉበት አይደል? ከመጀመር በፊት ያጥፉት።

*

ባለ 36 (ደሴ)፦

ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ የጀመርኩት በፊልም ዘመን ነው። አንድ ጥቅል ፊልም የሚያነሳው 36 ፎቶ ነበር። አሠሪዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለኔ የሚሰጠኝ ደንበኛ ጨርሶ የተረፈችውን ነው፤ ሦስት ፍሬም፣ ከበዛ አራት። እሷንም ዝም ብሎ አይሰጥም። «ምን ልታነሳ ነው? የት ቆመህ? ብርሃኑ በየት በኩል ይመጣል?» ይለኛል። መልሴ ካላማረው ፍሬሟን ይከለክለኛል። ሦስት ፍሬም ይዤ ከፒያሳ ሆጤ፣ ከሆጤ ሰኞ ገበያ ሰፈር ሳምንት ሙሉ ስዞር እከርም ነበር።

ኔትወርክ ሲጠፋ ይህን አድርግ። ደውለው ያነሱትን ፎቶ በአፍ ይንገሩህ፤ አንተ ወረቀት ላይ ሣለው። «ላሟ በየት በኩል ናት? ሰማዩ ስንት እጅ ይዟል?» እያልክ ጠይቅ። ኔትወርኩ ሲመለስ ሥዕልህንና ፎቶውን አስተያዩ። ሊነግሩህ ሲሞክሩ ያላዩትን ያውቁታል።

ዳታ የማይፈልግ ሌላም አለ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሚስማር ከቀደዳት ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን አይተህ ታውቃለህ፤ ወለሉ ላይ ክብ ይሆናል። ያ ክብ የቀዳዳዋ ቅርጽ አይደለም፣ የፀሐይዋ ምስል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ጠዋት ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርዳት ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና ታየች። እኛ ቤት ደግሞ የልጅ ልጄ «አያያ፣ ግድግዳው ላይ ማጭድ አለ!» ብላ ጠራችኝ። እውነትም በየቀዳዳው ልክ ማጭድ ማጭድ የሚያህል ብርሃን ተበትኗል። ካሜራ ማለት ይኸው ነው፣ ጨለማ ቤትና ቀዳዳ። ልጆቹ አንድ ክፍል ያጨልሙ፣ መስኮቱን በካርቶን ይድፈኑ፣ ካርቶኑን ይቅደዱ፤ ደጁ ተዘቅዝቆ ግድግዳው ላይ ይመጣላቸዋል። እሱን በስልክ ያንሱት።

ስለ ባቲዋ ልጅ። የሰው ፊት መጀመሪያ አይታዘዝም። መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ጀርባ፣ ቀጥሎ የቤት ሰው፣ ባዳ መጨረሻ። ገበያ ከወጣች ትግዛ፣ ትጫወት፣ ከዚያ ትጠይቅ፤ «አይሆንም» ካሏት «እሺ እማማ» ብላ ትለፍ። ሳትጠይቅ አንስታ ከሆነም እፊታቸው ታጥፋው። ሰዉ ከጦርነቱ ወዲህ ካሜራ ሲያይ ይጠረጥራል፤ አይፈረድበትም። ኬላ፣ ወታደር፣ ድልድይ አጠገብ ስልክ እንዳያወጡ። ይህን ጻፍና ግሩፑ አናት ላይ ስቀለው።

*

የመርሳዋ (መርሳ)፦

ጋሼ እኔ ነኝ። ማለቴ ከ14ቱ አንዷ ነኝ፤ ይህን ያሳየኝ የእህትዎ ልጅ ነው። የወረደውን ጀበና ከላክነው ሁለታችን አንዷም እኔ ነኝ። አውፍ ይበሉኝ።

የእማዬን ስልክ የማገኘው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው፤ ማንጎ ስትነግድ ውላ ነው የምትገባው። በዚያ ሰዓት ከጀበና ሌላ ምን አለ? የኛው ጀበና ጨለማ ሆኖ አልወጣ ሲለኝ ነው ያወረድኩት። የእርስዎ ቻሌንጅ ሁሉ የቀን ነው። እስኪ አንድ የማታ ይስጡን።

ሌላው ደግሞ፣ አይቆጡኝና፣ ለሁላችንም «ጎበዝ» ነው የሚሉት። ምኑ እንደሆነ አይነግሩንም። አንድ ቀን ብቻ የኩታበሩን ልጅ «ባልዲውን ለምን ቆረጥከው?» አሉት። እኔ ያን ቀን ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ ሳላነሳ በፊት አራቱን ጥግ አያለሁ።

*

የጦሳ ጥግ (ደሴ)፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፦

ጀማው አላህ ይስጥልን። የመርሳዋን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ «ጎበዝ» የምትለውን ቃል አቁሜ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ብቻ መላክ ጀምሬያለሁ። ከሁሉም የሚከብደው እሱ ሆኖ አገኘሁት። ለ14 ልጅ 14 ጥያቄ ለማውጣት ቅዳሜ ሱቅ የምከፍተው 4 ሰዓት ሆኗል፤ ጉርድ ፈላጊው በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል።

የማታውን «አንድ መብራት፣ ከጎን» አልኩት። የስልኩ ፍላሽ ክልክል፤ ሻማም ሆነ የሌላ ሰው ስልክ ባትሪ ከጎን ይበራል፣ ስልኩ እንዳይንቀጠቀጥ ጆንያ ወይ ብርጭቆ ላይ ተደግፎ ይቀመጣል። የመርሳዋ የእናቷን እጅ ላከች፣ የቀኑን ብር ሲቆጥሩ። ግማሹ ብዥ ብሏል፣ ጣቶቹ ተንቀሳቅሰዋልና። እንድትደግመው ልነግራት ነበር፤ ተውኩት። ብሩ ጥርት ብሎ ጣቱ መሮጡ ነው ያማረው።

የጠዋት 1 ሰዓቱ ደጃፍ ተሳክቷል። የላሊበላዋና የሐይቁ ልጅ ጥላቸው ረጅም ነው፤ የኔው ደሴ የአጥሩ ጫፍ እንኳ አይታይም፣ ጉም። ልጆቹ ራሳቸው የማን ደጃፍ እንደሆነ በብርሃኑ ብቻ መገመት ጀመሩና ግሩፑ ሲንጫጫ ዋለ።

የባቲዋ ልጅ ወደ ሴትዮዋ መመለስ አልፈለገችም፣ አላስገደድኳትም። በሰኞ ፋንታ ማክሰኞ ሄደች። ገበያው ባዶ፦ የግመል ኮቴ፣ የተበጠሰ ገመድ፣ አንድ እግር የላስቲክ ጫማ፣ ቅቤ የተሸጠበት ቦታ ላይ የተጣለ ቅጠል። ስድስት ፎቶ፣ ሰው የሌለበት። እስካሁን ከመጣልኝ ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ።

«ጥቁር በጥቁር» ስል ምን እንደመጣ ገምቱ። ጀበና። ስድስት። ግን ስድስቱም የየቤታቸው ነው፤ የአንዱ እጀታ በሽቦ ታስሯል፣ የአንዱ ክዳን የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው።

ባለ 36፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የኩታበሩ ልጅ ክፍሉን አጨልሞ ካርቶኑን ቢቀድም ግድግዳው ነጣ አለ እንጂ ምንም አልታየውም። ቀዳዳው እንቁላል ያሳልፋል። ምን ያህል ይሁን?

*

ባለ 36 (ደሴ)፦

እንቁላልማ በዛ። የትንሽ ጣቱን ጥፍር ታህል ትበቃለች። በቀትር፣ ደጁ ፀሐይ ሲመታው ይሞክር፣ ከቀዳዳዋ ትይዩ ነጭ አንሶላ ይስቀል። ዓይኑ እስኪለምድ 10 ደቂቃ ያህል ጨለማው ውስጥ ይቀመጥ፤ በሩንም ታናናሾቹ እንዳይከፍቱበት ከውስጥ ይቀርቅረው።