ፖሊስ የተጠቀመው ኃይል «ተመጣጣኝ አልነበረም» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

የሰፈር ኮሚቴ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሰፈር ኮሚቴ በውኃ መቋረጥ ምክንያት ሰላማዊ ሰልፍ ለመጥራት እየተዘጋጀ ነው። ከ300 እስከ 400 ሰው ይጠበቃል፤ መድረሻው ክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ነው። ኮሚቴው ሦስት ነገር ላይ መስማማት አቅቶታል።

ግማሹ «ፈቃድ እንጠይቅ» ይላል፣ ግማሹ «ማሳወቅ ይበቃል» ይላል። አድማ በታኝ መጥቶ ዱላ ወይም አስለቃሽ ጭስ ቢጠቀም፣ ኃይሉ ከመጠን ያለፈ መሆኑን በኋላ ለማስረዳት ምን ተይዞ መገኘት አለበት? ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ምርመራ ላይ ሲደረስ ግን የሚረባው ጥቂቱ ነው ይባላል። ሌላው፣ እናቶችና ሽማግሌዎች ስለሚበዙ ጭስ ቢተኮስ ምን ይደረግ? አንቀጽና መጠን ጠቅሳችሁ ብትመልሱልን።

አንቀጽ ሠላሳ

«ፈቃድ» የሚለውን ቃል ከደብዳቤያችሁ አውጡት። ራሳችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ ስትገኙ «አልተፈቀደም» የሚል መልስ በር ትከፍታላችሁ። የሽግግር መንግሥቱ በነሐሴ 1983 ያወጣው አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ማሳወቅን ነው፤ ሰልፉ ከመካሄዱ ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድሞ፣ በጽሑፍ፣ ለከንቲባው ጽሕፈት ቤት። ለወረዳው ብቻ አስገብቶ መቀመጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ ለወረዳው ግልባጭ ይበቃዋል። ደብዳቤው ላይ ዓላማው፣ መነሻና መድረሻው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ ከመንግሥት የሚፈለገው እርዳታም ካለ ይጻፍ።

አሁን ዋናው ነገር። ጽሕፈት ቤቱ ቦታው ወይም ሰዓቱ ይለወጥ የማለት ሥልጣን አለው፤ ግን ምክንያቱን ጠቅሶ፣ በጽሑፍ፣ ደብዳቤው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ። በየትኛውም ቦታ በማንኛውም ጊዜ አይካሄድም የማለት ሥልጣን ግን የለውም። በስልክ ተደውሎ «ይቅርባችሁ» ቢባል ያ የሕግ መልስ አይደለም። የደወለውን ሰው ኃላፊነትና ሰዓቱን ጻፉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ።

የሚበላሸው መዝገብ ቤት ላይ ነው። ሠራተኛዋ «አለቃዬ ካላዩት አልቀበልም» ትላለች፣ ደብዳቤው ሳይገባ ቀኑ ይደርሳል። ስለዚህ ሦስት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን አስገብታችሁ ቀሪው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ማኅተም፣ ቀንና *ሰዓት* አስደርጉ። 48ቱም 12ቱም የሚቆጠሩት በሰዓት ስለሆነ ቀን ብቻ የተጻፈበት ማኅተም ያከራክራል። አልቀበልም ከተባለ ሁለት ምስክር ባሉበት እንቢታውን በቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ያንኑ ደብዳቤ በአደራ ፖስታ ላኩና ደረሰኙን አስቀምጡ፣ ግልባጩን ለፖሊስ ኮሚሽንና ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስገቡ። ሰልፉ እሑድ ከሆነ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ይግባ። ዓርብ ከሰዓት የገባ ደብዳቤ ለጭቅጭቅ የተመቸ ነው።

መንገዱንም በእግራችሁ ለኩት። አዋጁ ከኤምባሲ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመሳሰሉት በ100 ሜትር፣ ከጦር ኃይሎችና ከጸጥታ ተቋማት በ500 ሜትር ክልል ውስጥ ሰልፍ ይከለክላል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሁሉ አክብሮ የሚያልፍ መንገድ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ሕጉ ሲጻፍ ሊታሰብበት ይገባ ነበር። ለአሁኑ ግን ካርታው ላይ በሜትር ምልክት አድርጋችሁ ከደብዳቤው ጋር አያይዙት። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ በአካባቢው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት የመሰብሰብ መብት ሊታገድ ይችላል።

ማሳወቂያው ጉድለት ቢኖረው እንኳ ሰልፉን በዱላ ለመበተን ምክንያት አይሆንም። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 21 ሲተረጎም (የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው 37ኛ አጠቃላይ ሐተታ) አለማሳወቅ ብቻውን ሰልፉን ሕገወጥ አያደርገውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 13 መብቶቹ ከእነዚህ ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ ይተረጎሙ ይላል።

ቀለህ ቆጣሪ

ስለ ማስረጃው ልመልስ።

«ተመጣጣኝ» የሚባለው ነገር የሚለካው ከጉዳቱ ብቻ ተነሥቶ አይደለም። ጥያቄው *ፖሊሱ ዱላውን ሲያነሣ ሰውየው ምን ያደርግ ነበር?* የሚል ነው። የሚረባ ቪዲዮ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ ስልክ የሚወጣው ዱላው ካረፈ በኋላ ነው። መርማሪ የሚፈልገው ከመጀመሪያው ምት በፊት ያለውን 30 ሰከንድ ነው፤ እሱ ከሌለ «ድንጋይ ወርውሮ ነበር» የሚለውን የሚያስተባብል የለም።

የ1997 ምርጫን ተከትሎ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 የደረሰውን አስታውሱ። የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ከተሰጡት ጥያቄዎች አንዱ የጸጥታ ኃይሎች እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነበር ወይ የሚል ነበር። 193 ሲቪል ሰዎች መሞታቸው ተቆጥሯል፤ ለምክር ቤት የቀረበው መደምደሚያ ግን እርምጃው ከመጠን ያለፈ አልነበረም የሚል ነው። ከአባላቱ አገር ጥለው የወጡት ደግሞ አብላጫው ድምፅ መጀመሪያ ተቃራኒውን ነበር ብለዋል። ያ ሁሉ አስከሬን ተቆጥሮም ጥያቄው በቁጥር ብቻ አልተዘጋም።

ስለዚህ አራት ቀራጭ መድቡ፣ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ከፎቅ ወይም ከፍ ካለ ደረጃ ላይ ሆኖ ሰፊውን ያሳይ፣ ሌላው ከዳር ሆኖ ቅርቡን። ቀራጭ መፈክር አያሰማም፤ የራሱ ድምፅ የፖሊስን ማስጠንቀቂያ ይሸፍናል። ሲጀምር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በድምፁ ይናገር፣ ከዚያ ካሜራውን ወደሚታወቅ ሕንፃ ወይም ታፔላ ያዙር፣ ሳያቋርጥም ይቀጥል። ተቆርጦ የተቀጠለ ቪዲዮ ተጠርጣሪ ነው።

ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ምስክሩ «አምስት ሰዓት ላይ» ይላል፣ ስልኩ 11:00 ብሎ መዝግቧል፣ ተከላካይ ጠበቃ «ስድስት ሰዓት ልዩነት አለ» ብሎ ይነሣል። በጽሑፍ ሁሉ «ከጠዋቱ 5፡00 (በስልክ 11:00)» እያላችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

ቪዲዮውን ለሌላ ሰው ስትልኩ በቴሌግራም በ«ፋይል» መልክ ይሁን። እንደ ተራ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቃል፣ የተቀረጸበት ሰዓትና ቦታ መረጃም ይጠፋል። ዋናው ቅጂ ከተቀረጸበት ስልክ ላይ አይሰረዝ፤ በዚያው ቀን ወደ ሁለት ሚሞሪ ካርድ ይገልበጥና በሁለት ቤት ይቀመጥ።

ሌላ አንድ ሰው ደብተር ይያዝ፣ ካሜራ አያስፈልገውም። በድምፅ ማጉያ ማስጠንቀቂያ ተሰጠ? በምን ቋንቋ? ከማስጠንቀቂያው እስከ መጀመሪያው ጭስ ስንት ደቂቃ አለፈ? ሕዝቡ እንዲወጣ የተከፈተው መንገድ የትኛው ነበር? ይህን የሚመልስ አንድ ገጽ ከአሥር ቪዲዮ ይበልጣል። ርቀት ለመገመት የመንገድ መብራት ምሰሶ ቁጠሩ፣ በማግስቱ በሜትር ትለኩታላችሁ።

ምን ዓይነት አጠቃቀም ደንብ እንደሚጥስ ካላወቃችሁ ምን እንደምትቀርጹም አታውቁም። ዱላ ጭንቅላት፣ አንገት፣ ጀርባ አጥንት ወይም ኩላሊት ላይ፣ ወይም ወድቆ እጁን በዘረጋ ሰው ላይ ካረፈ። የጎማ ጥይት ወደ ሕዝብ በጅምላ፣ ከወገብ በላይ አነጣጥሮ፣ ወይም መሬት ላይ አንጥሮ ከተተኮሰ (የነጠረው የት እንደሚያርፍ አይታወቅም)። የጭስ ቆርቆሮ በቀጥታ በሰው ላይ ወይም መውጫ በሌለው ቦታ ከተወረወረ። የጦር መሣሪያ ጥይት ሰልፍ ለመበተን ብቻ በጭራሽ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና ላይ የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የኃይል አጠቃቀም መርሕ ለሕይወት ሲባል ፍጹም ግድ ሲሆን ብቻ ይላል፤ «አለቃዬ አዞኝ ነው» የሚለውንም፣ ትእዛዙ ሕገወጥ መሆኑ ግልጽ ከሆነና እንቢ ማለት ይቻል ከነበረ፣ አይቀበልም።

ቀለህ ወይም የጭስ ቆርቆሮ ካገኛችሁ አጠገቡ እስክሪብቶ አድርጋችሁ ባለበት አንሡት፤ መጠኑ ይታያል። የቀለሁ ቂጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ የቆርቆሮውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመትና ማብቂያውን በቅርበት ደግማችሁ አንሡ። ቆርቆሮው ተተኩሶ እንደወጣ ያቃጥላል፣ አትንኩት።

የተጎዳ ሰው በዚያው ቀን ይመርመር። ብዙ ሆስፒታሎች የፎረንሲክ ማስረጃ ለመስጠት የፖሊስ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ፖሊስ ደግሞ ተከሳሹ ራሱ ሲሆን ደብዳቤው ይዘገያል። ደብዳቤ ሳትጠብቁ ካርድ አውጡና ሐኪሙ የቁስሉን ቦታ፣ ርዝመትና ቀለም በካርዱ ላይ እንዲጽፍ ለምኑት። ሰንበሩን በየ24 ሰዓቱ፣ በቀን ብርሃን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ። የዱላ ሰንበር ጎልቶ የሚታየው በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ነው።

የተያዘ ሰው ካለ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የምትይዙት የ48 ሰዓት ገደብ ነው፤ በዚያ ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። አቤቱታ ስትጽፉ የወንጀል ሕጉን 407 (በሥልጣን አላግባብ መገልገል)፣ 423 (ሕገወጥ እስር)፣ 424 (ተገቢ ያልሆነ ዘዴ መጠቀም) እያያችሁ ድርጊቱን ከአንቀጹ ጋር አገናኙ።

ድንገተኛ ክፍል

ስለ ጭሱ። አስለቃሽ ጭስ ዱቄት ነው እንጂ ጋዝ አይደለም፤ ልብስና ፀጉር ላይ ያርፋል፣ ከአየርም ይከብዳል። ስለዚህ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫና ወደ ከፍታ ውጡ፤ ወደ ቦይ ወይም ወደ ምድር ቤት መውረድ ጭሱን መከተል ነው።

ዓይን አይታሽ። በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ታጠቡ፤ የሚታጠበው ዓይን ወደ ታች ሆኖ ራስ ወደ ጎን ይዘንበል፣ ውኃውም ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ ይውረድ፣ አለዚያ ዱቄቱ ወደ ጤናማው ዓይን ይሻገራል። ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ያህል ያስፈልጋል፤ ለ400 ሰው ሁሉ መያዝ ስለማይቻል 60 ባለ አንድ ሊትር ላስቲክ በአምስት ቦታ ይቀመጥ፣ ክዳኑ በመርፌ ይበሳ። ወተት፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ፤ ቫዝሊንና ቅባት ደግሞ ዱቄቱን ቆዳ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። ኮንታክት ሌንስ ያደረገ ሰው ያን ቀን መነጽር ያድርግ። ልብስ በራስ በኩል አይውለቅ፣ ከቤት ውጭ ፈትታችሁ በፌስታል እሰሩት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠቡ። ሙቅ ውኃ ማቃጠሉን ያብሰዋል።

ብዙ ሰው ከጭሱ ከወጣ በ15 እና በ30 ደቂቃ መካከል ይሻለዋል። አስም ያለበት የሚነፋውን መድኃኒት ኪሱ ይያዝ። ትንፋሹ የሚያፏጭ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላም በደንብ የማያይ ካለ ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

ሰው የሚሞተው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጭሱ ሳይሆን በመረጋገጥ ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ ላይ በእሬቻ በዓል ጭስ ሲተኮስ ሕዝቡ የሮጠው ገደል ወዳለበት ነበር፤ መንግሥት ያመነው የሟቾች ቁጥር እንኳ ከ50 በላይ ነው። መንገዳችሁ ላይ ክፍት ቦይ፣ የግንባታ ጉድጓድ ወይም በአንድ በኩል የተዘጋ አጥር ካለ መንገዱን ቀይሩ።

ከነታንያ

ከእስራኤል ሁለት ነገር ልጨምር። የሕጉ መልክ ይለያል፤ እዚህ 50 ሰውና ከዚያ በላይ ሆኖ በሰልፍ ለመጓዝ ከፖሊስ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ማመልከቻው አምስት ቀን ቀድሞ ይገባል። የማስረጃው ነገር ግን አንድ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2015 ሖሎን ውስጥ ቤተ እስራኤላዊው ወታደር ደማስ ፈቃደ በፖሊስ ሲደበደብ ያሳየው የደህንነት ካሜራ ነው። የቤተ እስራኤል ሰልፍ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ራቢን አደባባይ የተነሣው ያ ምስል ከወጣ በኋላ ነው፤ በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን ቴል አቪቭ ላይ ፖሊስ የድምፅ ቦምብና የውኃ መድፍ ተጠቅሟል። እንግዲህ በመንገዳችሁ ላይ ያሉ ሱቆችና ባንኮች የት የት ካሜራ እንዳላቸው አስቀድማችሁ መዝግቡ። ብዙው ካሜራ በቀናት ውስጥ በላዩ ላይ ይቀርጻል፤ ባለቤቱን በማግስቱ ካልለመናችሁት ጠፍቷል።

ሁለተኛ፣ ከላይ «ቀለህ ቆጣሪ» ባሉት ላይ፦ የሰልፈኛን ፊት በቀጥታ ስርጭት አታውጡ። ያው ቪዲዮ ነገ ሰው ለመልቀም ያገለግላል። ለሕዝብ የሚወጣው ቅጂ ፊት የተሸፈነበት ይሁን፣ ዋናው ለጠበቃ ይቀመጥ።

የሰፈር ኮሚቴ

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ድንጋይ የሚወረውር ሰው ቢገባብንስ?

አንቀጽ ሠላሳ

የጥቂቶች ጥፋት የሌላውን መብት አያስቀርም፤ ፖሊስ ወርዋሪውን ለይቶ መያዝ አለበት። ይህ እንዲሆን ግን ወርዋሪው ብቻውን መታየት አለበት። ለ20 ሰው አንድ አስተባባሪ ይመደብ፣ ለ400 ማለት 20 ሰው። ሰደርያቸው ከትራፊክም ከደንብ አስከባሪም ቀለም የተለየ ይሁን። ድንጋይ ሲወረወር አስተባባሪዎቹ «ቁጭ!» ብለው ሁሉን ያስቀምጡ፤ የቆመው ማን እንደሆነ ከፎቅ ላይ ያለው ካሜራ ያሳያል። ጭስ ከተተኮሰ ግን መቀመጥ አይሠራም፣ ያኔ በታወቀው መውጫ በእርምጃ ይወጣል። ይህን ሁለት ትእዛዝ ከመነሣታችሁ በፊት በድምፅ ማጉያ ሁለት ጊዜ አስለምዱ።

የማብቂያ ሰዓትም ደብዳቤው ላይ ጻፉ። አዘጋጁ አቤቱታውን አስገብቶ ሲሄድ ወጣቶች ይቀራሉ፣ ግጭቱም ብዙ ጊዜ የሚነሣው በዚያ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ነው። አስተባባሪዎቹም ቀራጮቹም ቦታውን የሚለቁት መጨረሻ ላይ ይሁን።