«ዚስ ማይ ፍሬንድ» ለምን ስህተት ሆነ?

ጥያቄ፦ በአማርኛ «ይህ ጓደኛዬ» ይባላል። በእንግሊዝኛ «ዚስ ማይ ፍሬንድ» ሲባል ግን ይታረማል፤ «ኦል ማይ ፍሬንድስ» ደግሞ ያልፋል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ 1፦ «ኤ»፣ «ዘ»፣ «ዚስ»፣ «ዛት»፣ «ማይ»፣ «ዩር» አንድ ወንበር የሚሻሙ ቃላት ናቸው፤ አንዱ ከተቀመጠ ለሌላው ቦታ የለም። ሁለቱም ካስፈለጉ ባለቤትነቱን ከስሙ ኋላ ውሰዱት፦ «ዚስ ፍሬንድ ኦፍ ማይን»። እዚያ ቦታ ላይ «ማይ» ወደ «ማይን» ይለወጣል፤ «ኦፍ ሚ» አይባልም። የሚያሳስተን አማርኛው ነው፦ «ዬ» ከስሙ መጨረሻ ስለሚለጠፍ ፊቱ ለ«ይህ» ክፍት ይቀራል።

መልስ 2፦ «ኦል»፣ «ቦዝ» እና «ሃፍ» ከወንበሩ ፊት ይቆማሉ፦ «ኦል ዘ ቡክስ»፣ «ቦዝ ማይ ሃንድስ»፣ «ሃፍ አን አወር»። ቁጥር ከኋላው ይገባል፦ «ማይ ቱ ብራዘርስ»። «ሰም» እና «ኢች» ግን ያለ «ኦፍ» አይሻገሩም፦ «ሰም ኦፍ ማይ ፍሬንድስ»።

ጠያቂ፦ «ኦል ዘም»ስ?

መልስ 2፦ አይሆንም። እንደ «ዘም» ካለ ተውላጠ ስም በፊት «ኦፍ» ግዴታ ነው፦ «ኦል ኦፍ ዘም»። «ኤቭሪ» የባሰ አስቸጋሪ ነው፤ «ኦፍ»ን በቀጥታ ስለማይቀበል «ኤቭሪ ዋን ኦፍ ዘም» በሉ።