ከስራ ሰዓት በኋላ የሚሞላ ሪፖርት ኦቨርታይም የለውም እንዴ?

ስቶር_ድሬ: ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ አንድ አከፋፋይ ጋር ስቶር ኪፐር ነኝ። ጠዋት 1:30 ገብቼ 6 ሰዓት ይዘጋል፣ ያው ሙቀቱ ስለሆነ 9 ሰዓት ተከፍቶ 12:30 ያልቃል፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። እስከዚህ ሰላም ነው። አሁን አዲስ ስራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ መጣና የዕለት ሪፖርት በኤክሴል ይላክልኝ አለ፣ ቢን ካርዱን (የእቃ መግቢያ መውጫ መቆጣጠሪያውን) ሞልቼ የእቃ ገቢ ወጪ ደረሰኙን ቆርጬ ስጨርስ ያንኑ ቁጥር እንደገና ኤክሴል ላይ፣ ከዛ ደሞ እያንዳንዱን ደረሰኝ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም። ቀን እንዳልሰራው መኪና እየተራገፈ አውራጆቹ እየጮሁ እኔ ካርቶን እየቆጠርኩ ማን ኮምፒውተር ጋ ይቀመጣል? ስለዚህ ሁሌ ማታ 2 ሰዓት ይሆናል፣ የኢንተርኔት ዳታውም ከኔ የሞባይል ካርድ ነው። ኦቨርታይም ስለው ጆብ ዲስክሪፕሽንህን አንብብ አለኝ፣ መጨረሻው ላይ «በቅርብ ኃላፊው የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ስራዎችን ያከናውናል» ይላል። ይቺ ነገር የእውነት ታስረኛለች?

ኤችአር_የነበርኩ: ወንድሜ ያቺ ዓረፍተ ነገር የሌለችበት ጆብ ዲስክሪፕሽን እስካሁን አላየሁም 😂 ስራ ትጨምርብህ ይሆናል፣ ሰዓት ግን አትጨምርም። በአዋጅ 1156/2011 መደበኛው በቀን 8 በሳምንት 48 ሰዓት ነው፣ ያንተ ሲደመር ልክ 8 ስለሚመጣ ከ12:30 በኋላ ያለው ኦቨርታይም ነው። እስከ ማታ 4 ሰዓት የሰዓት ክፍያህ በ1.5 ይባዛል፣ ከ4 በኋላ በ1.75። ለምሳሌ ደሞዝህ 10,400 ቢሆን ለወሩ 208 ሰዓት (26 ቀን በ8) ሲካፈል ሰዓቱ 50 ብር፣ ኦቨርታይሙ 75፣ በቀን ሰዓት ተኩል ስታመሽ በሳምንት 675 ብር እየቀረብህ ነው። ደሞ ኦቨርታይም የሚታዘዘው ለአደጋ፣ ለአስቸኳይ ስራ፣ በቀረ ሰው ቦታ ለመተካት ምናምን ነው እንጂ ለዕለት ሪፖርት አይደለም። ዋናው ነገር ግን አሰሪው በግልፅ አዞህ መሆን አለበት፣ አለዚያ «ራሱ ፈቅዶ ነው ያመሸው» ይሉሃል። ስለዚህ 12:30 ሲሆን በቴሌግራም «ሪፖርቱን አሁን አምሽቼ ልጨርስ ወይስ ነገ ጠዋት ይድረስ?» ብለህ ጠይቀው። ዛሬውኑ ካለህ ስክሪንሾት።

የከዚራ_ልጅ: አቦ ምን ክስ ውስጥ ትከተዋለሽ ልጁን። ሰውየው የድሬን ቀትር ገና አልለመደውም፣ አናግረው በቃ። እኛ ጋ 11 ሰዓት ላይ እቃ መቀበል ይዘጋል፣ ከጅቡቲ የመጣ መኪና እንኳን ቢሆን ነገ ጠዋት ይራገፋል፣ የቀረችው ሰዓት ተኩል የወረቀት ነች። ይሄን ጠይቅ፣ ለሱም ያለ ኦቨርታይም ነው የሚያልቅለት።

ሂሳብ_ክፍል: እኔ ትንሽ እለያለሁ። እቃ ሲጎድል መጀመሪያ የሚያዘው ስቶር ኪፐሩ ነው፣ ስለዚህ ፎቶውን አትተወው ላንተም ማስረጃ ነው። ኤክሴሉ ነው ትርፍ ስራ። ሂሳብ ክፍል ያንኑ ደረሰኝ ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩ) ላይ ያስገባው የለ? ሪፖርቱን ከዛ አውጡት በላቸው።

ስቶር_ድሬ: ፒችትሪው አዲስ አበባ ነው፣ ደረሰኙ በሳምንት አንዴ ነው የሚላከው ለዛ ነው እኔ ላይ የወደቀው። የ11 ሰዓቷን ነገር ግን ሰኞ እጠይቃለሁ አሪፍ ነች። እምቢ ካለስ? ከስሼ ቢያባርረኝስ?

ኤችአር_የነበርኩ: አቤቱታ አቀረበ ብሎ ማባረር ህጉ አይፈቅድም። ግን እውነቱን ለመናገር ሌላ ሰበብ ይፈልጋል፣ ለዛ ማርፈድ መቅረት የምትባል ነገር እንዳትገኝብህ። ችሎት ለሰራተኛ የዳኝነት አያስከፍልም፣ ብቻ ቀኑን ያዝ፣ የኦቨርታይም ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። አቴንዳንስ ላይ የመውጫ ሰዓት ስንት ብለህ ነው የምትፈርመው?

ስቶር_ድሬ: ሁላችንም 12:30 ነው የምንፈርመው እንዲያ ነው የተባልነው። ጥበቃው ጋ ያለው መዝገብ ላይ ግን የወጣሁበት ትክክለኛ ሰዓት ይፃፋል።

ኤችአር_የነበርኩ: በል እሱን ዛሬውኑ ፎቶ አንሳው።