ክረምት ላይ ለምትሰፉና ለምታበስሉ፦ የት ይገዛ? የቱ ይሻላል?

ሰኔ ሲገባ ሁለት ጥያቄ ይደርሰኛል። አንዱ «የስፌት መኪና ልገዛ ነው፣ የቱን ትመክሪኛለሽ?» የሚል ነው። ሌላው «ለፍልሰታ ምን ልሥራ?» ነው። ዘንድሮ ሁለቱንም አብሬ ልመልስ። እኛ ቤት መኪናው ያለው ከማድቤቱ በር አጠገብ ነው። ድስቱ እስኪንተከተክ እሰፋለሁ። የሰፋሁት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ማድቤት ይገባል።

ከመኪናው ልጀምር። ጥቁሩን የእግር መኪና ግዙ። ሲንጀርም ይሁን ቢራቢሮ፣ አሮጌም ቢሆን ግድ የለም። ክረምት ነው፣ መብራት ይሄዳል። የእግር መኪና መብራት አይጠብቅም። ፍጥነቱም በእግራችሁ ስለሆነ ጀማሪን አያስደነግጥም። ወፍራም የጋቢ ጠርዝ ላይ ሲደርስ እንኳን አያቅማማም። ጉድለቱ ቀጥታ ብቻ መስፋቱ ነው። ዚግዛግና የቁልፍ ቀዳዳ ከፈለጋችሁ ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና ትሻላለች። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩም እሷ ትመቻለች፤ ሰፍታችሁ ስትጨርሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስገቧታላችሁ። የፋብሪካውን ትልቅ መኪና ለትርፍ ጊዜ ሥራ አልመክርም። በጣም ይፈጥናል፣ ቦታም ይይዛል። በእጅ የምትያዘዋን ትንሽ ፕላስቲክ ግን ጭራሽ አትግዙ። በአንድ ክር ብቻ ነው የምትሰፋው። የክሩ ጫፍ ከተሳበ ስፌቱ ከዳር እስከ ዳር ይተረተራል።

አሮጌ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ጨርቅና ክር ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ባዘጋጀው ቁራጭ ላይ ሁሉም መኪና ያምራል። መጀመሪያ ጨርቁን ሁለት፣ ከዚያ አራት አጥፋችሁ ስፉ። ገልብጣችሁም እዩት። ክሩ ከታች ቀለበት ቀለበት ከሠራ የላይኛው ክር ላልቷል ማለት ነው፤ በማጥበቂያው ይስተካከላል። ጎማውን በእጅ ስታዞሩት መርፌው ብረት ከነካ ግን ትታችሁ ሂዱ። ጎማውን የሚያዞረው ቺንጋ ቢያረጅ አያሳስብም፣ ይቀየራል። ዘይቱ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን። የምግብ ዘይት ውሎ ሲያድር ሙጫ ሆኖ መኪናውን ያስረዋል። መርፌ ለስስ ጨርቅ 11 ቁጥር፣ ለአቡጀዲና ለፖፕሊን 14፣ ለጂንስ 16 ግዙ።

ወደ ጨርቁ። «ሽሮ ሜዳ ይሻላል ወይስ መርካቶ?» ትሉኛላችሁ። ለሸማ ሽሮ ሜዳ፣ ለሌላው ሁሉ መርካቶ።

ሽሮ ሜዳ ላይ ጥሩው ነገር ከሸማኔው ጋር መነጋገር መቻሉ ነው። ብዙዎቹ ከጋሞ፣ ከዶርዜ የመጡ ናቸው፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው። ጥለቱን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አስተያዩ። ድሩ የሳሳውንና የጠበቀውን ለብርሃን አንስታችሁ ለዩ። እኔ እዚያ ከተማርኩት ሁሉ የሚበልጥብኝን ልንገራችሁ። ካቻምና ለልጄ የእንቁጣጣሽ ቀሚስ ሰፋሁላት። ጨርቁን የገዛሁበት ሱቅ «ቢታጠብ አይሰበሰብም» ብሎኝ ነበር። አንዴ ሲታጠብ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የነበረው ቀሚስ ጉልበቷ ሥር ደረሰ። ልጄ ምንም አላለችም። ዝም ብላ ጠርዙን ወደ ታች ትጎትት ነበር። ያ እጇ ከዓይኔ አልጠፋም። በኋላ ለአንድ ሽማግሌ ሸማኔ ስነግራቸው «ልጄ፣ ሸማ ውሃ ሳያይ መቀስ አያይም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ተኩሼ ነው የምቆርጠው።

መርካቶ ለአቡጀዲ፣ ለፖፕሊን፣ ለገበር፣ ለዚፕ፣ ለላስቲክና ለክር ነው። ብዛት ላለው ዕቃ እዚያ ያዋጣል። «ንጹህ ጥጥ ነው» ሲሏችሁ መጀመሪያ ግማሽ ሜትር ብቻ ግዙ። ቤት ስትገቡ ከዳሩ አንድ ክር መዛችሁ ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ እንደተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ይህ ለማድቤት ዕቃ የግድ ነው። ሰው ሠራሽ ጨርቅ ያለበት የድስት መያዣ የጋለ ብረት ሲነካ ይቀልጣል፤ እጅ ያቃጥላል።

የመጀመሪያ ሥራ ምን ይሁን? ብዙ ሰው የትራስ ልብስ ይላል። እኔ ለፍልሰታው የሱፍ ፍትፍት፣ የሱፍ ማጥለያ ከረጢት እላለሁ። ስስ ነጭ ሻሽ፣ 30 በ40 ሳንቲም የሚሆን ሁለት ቁራጭ። ሦስቱን ጎን ሁለት ጊዜ ስፉ፣ አፉን አጥፋችሁ ክር አስገቡበት። ክሩም ነጭ ይሁን፤ ባለ ቀለም ክር ሊለቅ ይችላል። ከዚያ ከረጢቱን ቀቅሉት፤ የአዲስ ጨርቅ ጠረን ይውጣ።

አሁን ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሲገባ ዝግጁ ናችሁ። ሱፉን እለቅማለሁ፣ አጥባለሁ፣ ትንሽ ፈላ አድርጌ አወጣለሁ። ለብ ካለ ውሃ ጋር በብሌንደር እፈጨዋለሁ። ከረጢቱ ውስጥ ገልብጬ አፉን ጠምዝዤ እጨምቀዋለሁ። መጀመሪያ የሚወርደው እንደ ወተት ወፍራም ነው። ገለባውን በአዲስ ውሃ መልሼ እፈጨዋለሁ፤ ሁለተኛው ይቀጥናል። ሦስተኛው ውሃ ውሃ ማለት ሲጀምር አቆማለሁ። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የተከተፈ ቃሪያና ጨው። እንጀራውን የምፈተፍተው ሊበላ ሲል ነው። ድሮ በወንፊት ሳጠልለው ደቃቁ ገለባ እያለፈ ጥርስ ላይ ይንኳኳ ነበር። አሁን ልጆቹ ሳህኑን በጣታቸው ይጠርጋሉ።

በሙቀጫ የተወቀጠ ሱፍ መዓዛው ይበልጣል፤ ለሁለት ሰው ከሆነ ሙቀጫ እመርጣለሁ። ለቤተሰብ ግን ብሌንደር። የተፈጨ የሱፍ ዱቄት ሲሸጥም አይቻለሁ፤ አልመክረውም። ሱፍ ቅባት ያለው እህል ነው፣ ተፈጭቶ ሲቆይ ይጎመዝዛል። ፍሬውን ግዙ።

ስልጆ ለመብላላት ቀናት ይፈልጋል። ጊዜ ከሌላችሁ ከምታምኑት ባልትና ቤት ግዙት፣ ምንም ነውር የለውም። አዚፋን ግን ቤት ሥሩት። ምስር ቀቅሎ ማቀዝቀዝ፣ ሰናፍጭ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፤ ይኸው ነው።

ለአትክልት፣ ሽንኩርትና ድንች በብዛት ከሆነ የእሁድ ገበያ። ለቃሪያ፣ ለቆስጣና ለእሸት በቆሎ ግን የሰፈር ጉልት። ትንሽ በትንሽ ስለሚገዛ አይበላሽም፣ ደንበኛ ከሆናችሁ ምርቃትም አለ። በቆሎ ስትመርጡ አንዱን ፍሬ በጥፍር ጫን በሉት። ወተት ካወጣ ለጥብስ ነው። ደረቅ ካለ ቀቅሉት።

ለቡሄ ሙልሙል ከዳቦ ቤት ማዘዝም ይቻላል። እኔ ቤት እጋግራለሁ፤ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ለሚመጡት ልጆች ትኩሱን መስጠት ደስ ይለኛል። በክረምት ብርድ ሊጥ ቶሎ ኩፍ አይልም። ድርብ የአቡጀዲ ልብስ ሰፍቼለታለሁ፤ ያንን አልብሼ ምድጃው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ቡሄ ነሐሴ 13 ስለሆነ በ12 ማታ ይቦካል።

የመጨረሻው ኦቨርሎክ ነው፤ የጨርቁ ዳር እንዳይተረተር በክር መጠቅለል ማለት ነው። ማሽኑን መግዛት አያስፈልግም። የሰፈር ልብስ ሰፊዎች እየጠበቃችሁ ይመቱላችኋል። ሸማ ዳሩ ቶሎ ስለሚተረተር ቆርጣችሁ እንደጨረሳችሁ ውሰዱት። ጳጉሜን አትጠብቁ፤ ያኔ ሁሉም ሰፊ ቤት ይጨናነቃል። የእንቁጣጣሽ ቀሚስ ያሰባችሁ ጨርቁን ነሐሴ አጋማሽ ላይ እጠቡት። ፀሐይ ስለሌለ ለመድረቅ ብቻ ሁለት ቀን ይፈጃል።