«ቁጥሩ ተናግሯል»፦ በፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ላይ የተነሳ ክርክር

ታዛቢ ከኩዊንስ፦
የኒው ዮርኩ የቤዝቦል ቡድን ሜትስ ከ2026 ወቅት በፊት ባለው ክረምት ማንን አሳልፎ መስጠት እንዳለበት ስንነጋገር «ሒሳቡን አሳዩኝ» የተባሉት ተከራካሪ ስለ ካቸራችን (ከመቺው ኋላ ተንበርክኮ ኳስ ስለሚቀበለው ተጫዋች) ስለ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፉት ዓረፍተ ነገር በጣም አናዶኛል። «በ2023 ቁጥሩ ተናግሯል፤ ልጁ .209 የሚመታ ካቸር ነው፤ የቀረው ሁሉ ተስፋ ነው» ብለዋል (.209 ማለት ከሺህ ሙከራ በ209ኙ ምት ማስመዝገብ ነው)። የተናገረው የትኛው ቁጥር ነው? በዚያው ዓመት ይኸው ልጅ በ123 ጨዋታ 25 ሆምረን (ከአጥር ውጭ የሚወጣ ምት) መትቷል፤ ዕድሜውም 21 ነበር። ብዙዎች የዘመናት ሁሉ ታላቅ ካቸር የሚሉት ጆኒ ቤንች በ1969 በዚያው ዕድሜ የመታው 26 ነው። ቤንች ያን ዓመት .293 እንደመታ ስለማውቅ አልቫሬዝ ቤንች ነው አልልም። ነገር ግን ጭምብል አጥልቆ፣ በየምሽቱ ከመቶ በላይ ኳስ ተንበርክኮ እየተቀበለ ይህን ያህል ጉልበት ያሳየ ወጣት በአንድ አማካይ ብቻ ተመዝኖ ሊፈረድበት አይገባም።

ሒሳቡን አሳዩኝ፦
ከጻፍኩት አንድም ቃል አልስብም። እርስዎ ሆምረኑን ብቻ ነጥለው ስላመጡ እኔ ሙሉውን መስመር ላስቀምጥ፦ የምት አማካይ .209፣ ቤዝ ላይ የመድረስ መጠን .284፣ የምት ጉልበት መጠን .437። ቤዝ ላይ የመድረስ መጠኑ .284 ከሆነ ከአሥር የመምታት ተራው ከሰባት በላዩን ባዶ እጁን ተመልሷል ማለት ነው። ያን ሁሉ ሆምረን መትቶ እንኳ ኦፒኤሱ (የኋለኞቹ ሁለት ቁጥሮች ድምር) .721 ላይ የቆመውና ከሊጉ አማካይ ከ.734 በታች የሆነው ለዚህ ነው። ስለ ቤንች ከማውራት ይልቅ እዚያው ከተማ ውስጥ ያለውን ምሳሌ እንይ። የያንኪሱ ካቸር ጋሪ ሳንቼዝ በ2016 በ53 ጨዋታ ብቻ 20 ሆምረን መትቶ በዓመቱ አዲስ ተጫዋች ምርጫ ሁለተኛ ወጣ፤ በ2017 ሠላሳ ሦስት መታ፤ በ2018 አማካዩ .186 ሆነ፤ በ2020 ደግሞ .147 ላይ ወደቀ። የያንኪስ ደጋፊዎችም በየዓመቱ «ጉልበቱን እዩት» ይሉን ነበር።

ሰማያዊና ብርቱካን፦
ሳንቼዝን ማምጣት አግባብ አይደለም። ሳንቼዝ ያን 20 ሆምረን ሲመታ 23 ዓመቱ ነበር፤ አልቫሬዝ ገና በ20 ዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 2022 መጨረሻ፣ ለምድብ መሪነት በሚደረገው ፍልሚያ መካከል አትላንታ ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰለፉት። በሌላ በኩል ሳንቼዝን ያዋረደው የመቀበል ችሎታው ጭምር ነበር፤ ኳስ ከእጁ እያመለጠ ከኋላው ትንከባለል ነበር። አልቫሬዝ ግን በ2023 በፍሬሚንግ፣ ማለትም በጓንት አያያዝ የዳኛውን ውሳኔ ወደ ራስ በመሳብ፣ ከሊጉ ምርጦች አንዱ ነበር። ከዞኑ ጠርዝ ላይ ያረፈችን ኳስ ስትራይክ (በመቺው ላይ የሚቆጠር) ማስባል ሩጫ (ነጥብ) ማዳን ነው፤ የዳነ ሩጫ ደግሞ ከተመታ ሩጫ እኩል ይቆጠራል። «ቁጥሩ ተናግሯል» የሚሉት ሰው ከዱላው ቁጥር አንዱን ብቻ ሰምተው የጓንቱን ቁጥር ለምን ሳይሰሙ አለፉት?

ዘጠነኛው ኢኒንግ፦
ስለ .209 አንድ ነገር ልጨምር፤ የክርክሩ መነሻ እሱ ስለሆነ። በዚያ ዓመት ከነበሩት 80 ምቶቹ 25ቱ ከአጥር ውጭ የወጡ ናቸው። ሆምረኑና ስትራይክአውቱ (መቺው በሦስት ስትራይክ የወጣበት) ተቀንሶ ሜዳ ውስጥ ያረፉት ኳሶች ብቻ ሲታዩ አማካዩ .222 አካባቢ ነው፤ በሊጉ ይህ ቁጥር .300 አጠገብ ይውላል። ስለዚህ ከዚያ ዝቅተኛ አማካይ ውስጥ የተወሰነው ክፉ ዕድል ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ይህን የምለው ግን ልጁ ይቆይ ለማለት አይደለም። እኔ በዚህ ክረምት ቢሸጥ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሒሳቡን አሳዩኝ፦
ክፉ ዕድል የሚለውን አልቀበልም። ኳስን ወደ ሰማይ የሚያነሳና ወደ ግራ ሜዳ አጥብቆ የሚጎትት፣ እግሩም ከባድ የሆነ ካቸር ሜዳ ውስጥ በሚያርፉ ኳሶች አማካዩ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ከፍ ብለው የሚወጡ ኳሶች በቀላሉ ይያዛሉ፣ በመሬት የሚሄዱትን ደግሞ ሮጦ አይቀድማቸውም። ሌላው ቀርቶ ከአራት የመምታት ተራው አንዱን በስትራይክአውት ነው ያጠፋው፤ የስትራይክአውት መጠን ደግሞ ከምት አማካይ ይልቅ በአጭር ጊዜ እውነተኛ መልኩን የሚይዝ ቁጥር ነው። «ቁጥሩ ተናግሯል» ያልኩት ይህን ሁሉ አይቼ ነው።

የቀድሞ ካቸር፦
ሁላችሁም በዱላው ላይ ስትከራከሩ እጁን የረሳችሁት ይመስለኛል። በኤፕሪል 2024 የግራ አውራ ጣቱ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ እስከ ጁን ድረስ አልተመለሰም። በማርች 2025 ወቅቱ ሳይጀመር የግራ መዳፉ ትንሽ አጥንት ተሰብራ እንደገና ቀዶ ሕክምና ገባ። በኦገስት 2025 የቀኝ አውራ ጣቱ ጅማት ተጎዳ፤ ከዚያ ለማገገም በታችኛው ሊግ፣ በማይነር ሊግ፣ ውስጥ ሲጫወት የግራ ትንሿ ጣቱ ተሰበረች። ግራ እጅ ለካቸር የጓንት እጅ ነው፤ በሰዓት ከ95 ማይል በላይ የሚመጣውን ኳስ የሚቀበለው እሱ ነው። በቀኝ ለሚመታ ሰው ደግሞ ያው ግራ እጅ የዱላው ጫፍ የሚያርፍበት የታችኛው እጅ ነው። ያቺ የመዳፍ አጥንት በመቺዎች ላይ የምትሰበረው የዱላው ጫፍ ስለሚጫናት ነው፤ ከዳነችም በኋላ መዳፍ የቀድሞ ጥንካሬውን እስኪያገኝ ወራት ይወስዳል። አልቫሬዝ ግራ እጁን ለሁለቱም ሥራ በየቀኑ ይጠቀምበታል። እንግዲህ በ2025 መጀመሪያ በ35 ጨዋታ ሦስት ሆምረን ብቻ የመታውን ልጅ ስንገመግም ከአንድ ወር በፊት ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ እጅ ይዞ እንደነበር ካላሰብን የያዝነው ቁጥር የማንን ችሎታ እንደሚለካ አናውቅም።

ታዛቢ ከኩዊንስ፦
የቀድሞ ካቸር የተናገሩት የክርክሩ ልብ ነው። በጁን ወደ ማይነር ሊግ ቡድናችን ወደ ሲራክዩዝ ሲወርድ ስንቶቻችን «አለቀ» አልን! እዚያ በ19 ጨዋታ 11 ሆምረን መታ፤ በጁላይ ተመልሶ በዋናው ቡድን 41 ጨዋታ ተጫወተ፤ ከዓመቱ 11 ሆምረኖቹ ስምንቱን የመታውም በእነዚህ ጨዋታዎች ነው፤ ያውም በተጎዱ ጣቶች። የዓመቱ መስመሩ .256፣ .339፣ .447 ሆኖ ተዘጋ። ከ.209 ወደ .237፣ ከ.237 ወደ .256፤ ቤዝ ላይ መድረሱ ከ.284 ወደ .307፣ ከዚያ ወደ .339። ሦስት ዓመት በተከታታይ በአንድ አቅጣጫ የሄደ መስመር ነው። ታዲያ ቁጥሩ የተናገረው በ2023 ብቻ ነው ወይስ እስካሁን እየተናገረ ነው?

ሒሳቡን አሳዩኝ፦
ሌላ መስመርም አለ፤ እሱም ሦስት ዓመት በተከታታይ በአንድ አቅጣጫ ሄዷል፦ 123 ጨዋታ፣ 100 ጨዋታ፣ 76 ጨዋታ። ሆምረኑም 25፣ 11፣ 11 ነው። በቀድሞ ካቸር ላይ ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ስለ እጁ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን የጻፉት ነገር የእኔን ሐሳብ እንጂ የታዛቢን አይደግፍም። ጉዳቱ ከመደቡ የመጣ ከሆነ መደቡን እስካልለቀቀ ድረስ ይመለሳል። ካቸር ሆኖ የሚያገለግለን በተገኘበት ቀን ብቻ ነው፤ ባልተገኘበት ቀን ተጠባባቂው ካቸር ሉዊስ ቶሬንስ ነው የሚቀበለው። 41 ጨዋታ ደግሞ ምንም አያስረዳም፤ ማንኛውም የሜጀር ሊግ መቺ 41 መልካም ጨዋታዎች ሊኖሩት ይችላሉ።

ሰማያዊና ብርቱካን፦
41 ጨዋታ ምንም ካላስረዳ 123 ጨዋታ ሁሉን ነገር እንዴት ሊያስረዳ ቻለ? ልጁ ሲሳካለት ናሙናው ያንስብዎታል፤ ሳይሳካለት ሲቀር ግን «ቁጥሩ ተናግሯል» ይላሉ። ይህን ነው እኔ የማልታገሠው።

ሒሳቡን አሳዩኝ፦
123 ከ41 ሦስት እጥፍ ነው። ይህ አድልዎ አይደለም።

ሰማያዊና ብርቱካን፦
የሲያትሉ ካቸር ካል ራሊስ? በ2021 ሲጀምር .180 መታ። በ2022፣ በ25 ዓመቱ፣ .211 ነበር፤ ሆምረኑ 27። ይህ ከአልቫሬዝ 2023 ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ ራሊ ግን በዕድሜ አራት ዓመት ይበልጥ ነበር። ሲያትል በዚያ አማካይ ፈርዶ ቢሸጠው ኖሮ በ2025 ስልሳ ሆምረን የመታው ለሌላ ቡድን በሆነ ነበር፤ ካቸሩ ሳልቫዶር ፔሬዝ በ2021 ያስመዘገበውን የካቸሮች ክብረ ወሰን 48 ያለፈ፣ ሚኪ ማንትል በሁለቱም በኩል ከሚመቱት መካከል ከ1961 ጀምሮ ይዞት የነበረውን 54 የሻረ ዓመት ነው። ካቸሮች በዱላ ዘግይተው ይበስላሉ፤ የማለዳ ጊዜያቸውን የሚያጠፉት ፒቸሮችን (ኳስ ወርዋሪዎችን) በማጥናት ነው፣ እግራቸውም ከስድስተኛው ኢኒንግ በኋላ ይደክማል። እኛ ራሳችን ካቸራችንን ትራቪስ ዳርኖን በ2019 ዝም ብለን አሰናበትነው። እዚያው ዓመት ለታምፓ ቤይ በ92 ጨዋታ 16 ሆምረን መታ፤ በ2020 ከአትላንታ ጋር በየመደቡ ለምርጥ መቺ የሚሰጠውን የሲልቨር ስለገር ሽልማት ወሰደ፤ በ2021 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያን ስህተት ደግመን እንድንሠራው ነው የሚፈልጉት?

ሒሳቡን አሳዩኝ፦
ዳርኖን በማንሳትዎ አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም ለእኔ ምስክር ነው። በ2012 ዲሴምበር ላይ ከኖዋ ሲንደርጋርድ ጋር፣ ፒቸራችንን ዲኪን አሳልፈን በሰጠንበት ዝውውር ሲመጣ የነገው ካቸራችን ተባለ። ከዚያ በኋላ እስከ 2019 ድረስ ጠበቅነው፤ በየዓመቱ አንዱ አካሉ ይጎዳ ነበር፤ በ2018 የክንዱ ጅማት ተበጥሶ ዓመቱን ሙሉ አጣነው። የበሰለው በ30 ዓመቱ፣ በሌላ ቡድን ነው። ጥያቄው አልቫሬዝ አንድ ቀን ይበስላል ወይ አይደለም፤ ሲበስል የእኛን ማሊያ ለብሶ ይሆናል ወይ ነው። ራሊን በተመለከተ ደግሞ፣ በ2025 ራሊ 159 ጨዋታ ተጫውቷል። በየቀኑ የሚገኝ ሰው ነው። እርስዎ ያመጡት ተሳክቶለት የተረፈውን ነው፤ በ.210 መትተው ከዚያው ሳይነሱ የቀሩትን ካቸሮች ማንም ስማቸውን አያነሳም።

የቀድሞ ካቸር፦
«በየቀኑ መገኘት» ሲባል እንደ ጠባይ ወይም እንደ ተሰጥዖ መታየቱ አይዋጥልኝም። አልቫሬዝ ሰነፍ ሆኖ አይደለም የቀረው። የ2024ቱ ጉዳት የደረሰበት አንደኛ ቤዝን ዞሮ ሲሮጥ ተደናቅፎ በእጁ መሬት ላይ ሲያርፍ ነው፤ ይህ ከካቸርነት ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ማንም ተጫዋች ላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አራቱንም ጉዳቶች በአንድ ምክንያት ሥር ማስገባት ትክክል አይደለም። የሚኒሶታው ካቸር ጆ ማወር በ2013 ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ከ2014 ጀምሮ ወደ አንደኛ ቤዝ ሲዛወር ያ በእርግጥ የመደቡ ዋጋ ነበር። የተሰበረ ጣት ግን ይድናል።

ዘጠነኛው ኢኒንግ፦
አሁን እኔ ይሸጥ ያልኩበትን ምክንያት ላቅርብ። የአልቫሬዝ ዋጋ ግማሹ ፍሬሚንግ ነው ካልን፣ ያ ዋጋ ከ2026 ጀምሮ ይቀንሳል። አዲሱ ደንብ ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት የይግባኝ ዕድል ይሰጣል፤ የዳኛውን የስትራይክ ወይም የቦል ውሳኔ በኮምፒዩተር የሚያስመረምሩት ፒቸሩ፣ ካቸሩና መቺው ብቻ ናቸው፤ ይግባኙ ትክክል ከሆነ ዕድሉ አይጠፋም። ካቸሩ በጓንቱ የሰረቃትን ስትራይክ መቺው በወሳኙ ሰዓት ማስመለስ ይችላል። ሌሎች ቡድኖች ይህን ቅናሽ በዋጋ ላይ ሳያስገቡ በፊት መሸጥ ብልህነት ነው።

ሰማያዊና ብርቱካን፦
ደንቡን በግማሹ ነው ያነበቡት። ይግባኝ የሚጠይቀው ካቸሩም ነው፤ ከሦስቱም መካከል ኳሷ በሳጥኑ ውስጥ ስታልፍ በቅርበትና በፊት ለፊት የሚያያት እሱ ነው። ጠርዙን አሳምሮ የሚያውቅ ካቸር ከፍሬሚንግ ያጣውን በይግባኝ ያገኘዋል። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ሊሳሳት የሚችል ቡድን ዕድሉን በማን ዓይን እንዲጠቀም ይፈልጋል? ደግሞም በአንድ ጨዋታ ከሚወረወሩት ሦስት መቶ የሚጠጉ ኳሶች አብዛኞቹ ያለ ይግባኝ ያልፋሉ፤ እዚያ ፍሬሚንግ እንደነበረ ይቀጥላል።

ታዛቢ ከኩዊንስ፦
ወደ መነሻችን ልመልሳችሁ። ሒሳቡን አሳዩኝ፣ አንድ ቀጥተኛ ጥያቄ አለኝ። በ2023 የተናገረው ቁጥር ሐሳቡን እንደቀየረ ለመቀበል በ2026 ምን ማየት ይፈልጋሉ? ከወቅቱ በፊት ይናገሩ፤ በኋላ ሌላ መስፈርት እንዳያመጡብን።

ሒሳቡን አሳዩኝ፦
በደስታ። 120 ጨዋታ፣ ከነዚህም ቢያንስ 100 ከሳጥኑ ኋላ ተንበርክኮ፤ ቤዝ ላይ የመድረስ መጠኑ .330 ወይም ከዚያ በላይ። ስለ ሆምረን ምንም አልጠይቅም፤ ጉልበቱን ተጠራጥሬ አላውቅም።

ታዛቢ ከኩዊንስ፦
.330 ካሉ፣ በ2025 .339 ደርሷል። ልጁ ከጠየቁት በላይ አድርሶ ሳለ እርስዎ አሁንም .209ን ነው የሚጠቅሱት።

ሒሳቡን አሳዩኝ፦
በ76 ጨዋታ። የጠየቅኩት 120 ነው።

የቀድሞ ካቸር፦
አሰልጣኙ በሳምንት ሁለት ቀን ለቶሬንስ ሰጥቶ አልቫሬዝን ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ በዲኤችነት (ኳስ ሳይቀበል በመምታት ብቻ) ቢያሰልፈው የመምታት ተራው ሳይቀንስ እጁ ያርፋል፤ ያን ጊዜ 120 ይደርሳል፣ ከሳጥኑ ኋላ ግን መቶ ላይሞላ ይችላል። ሒሳቡን አሳዩኝ ያስቀመጡት መቶ ልጁን ለመጠበቅ የሚበጀውን አሠራር ራሱን እንደ ውድቀት ይቆጥረዋል፤ እኔ በዚህ መስፈርት አልስማማም።

ሒሳቡን አሳዩኝ፦
ዲኤች የምንፈልግ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የሚመታ እናገኛለን። እኔ የምከራከረው ስለ ካቸር ነው፤ መቶው ይቆያል።