የወንዶ ገነት ጉዞ፦ አቀበቱን በየት በኩል እንጀምረው?

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። እስከ ሐሙስ ለማህበራችን ሥራ አስፈጻሚ አንድ ገጽ የጉዞ ዕቅድ ማስገባት አለብኝ። ባለፈው ስብሰባ «ወንዶ ገነት እንሂድ» ሲባል ሁሉም እጁን አወጣ፣ ከዚያ በኋላ ጭጭ። እዚሁ ጻፉልኝና እኔ አሰባስበዋለሁ። ከሐዋሳ በሻሸመኔ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ጀርባ ባለው ጫካ ጅረቱን ይዘን እንገባለን፣ ጋራው ላይ እንወጣለን፣ በወዲያኛው በኩል ዞረን እንወርዳለን። በሄድንበት አንመለስም። ቀኑ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር መጀመሪያ ቢሆንስ? ዝናቡም ያኔ ቀነስ ይላል።

የደን ባለሙያው፦ ቀኑ ጥሩ ነው። እኔ እዚያ ኮሌጅ የተማርኩት የአሁኑ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ይባል በነበረበት ጊዜ ነው፣ ጫካውን እንደ ሰፈሬ ነው የማውቀው። ዝግባው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው አሁንም አለ። ጉሬዛ ደግሞ ቀና ብሎ ላየ አይጠፋም። አውራ ጣት የሌለው ዝንጀሮ እሱ ነው፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ግን ጣት እንደሌለው አይመስልም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጫካው ለኮሌጁ መማሪያና መመራመሪያ ነው። ዝም ብሎ መግባት አይሆንም፣ በማህበሩ ስም ደብዳቤ እንጻፍና ፈቃድ እንጠይቅ። የአካባቢውንም ልጅ መንገድ መሪ አድርገን እንያዝ።

ባለ ሱቁ፦ እኔ በበኩሌ በወዲያኛው፣ ዳገቱ ቀለል ባለው በኩል ብንጀምር ይሻላል ባይ ነኝ። ቀስ እያልን እንወጣለን፣ እግር ይፍታታል፣ ስንመለስ ደግሞ በጅረቱ በኩል ወርደን እግራችንን ውሃ ውስጥ ነክረን እንጨርሳለን። ገና በጠዋቱ ቀጥ ያለውን ዳገት ማን ይችለዋል?

ጸሐፊዋ፦ ኧረ አምናን ረሳኸው እንዴ! ልክ አንተ ባልከው አቅጣጫ ነበር የሄድነው። ዳገቱ ከላይ ወደ ታች ሲታይ ሌላ ነው። ቅጠል የሸፈነው ጭቃ፣ ከሥሩ ደግሞ የሾላ ሥር። አንድ እግሬን ሥሩ ላይ አሳረፍኩ፣ እንደ ሳሙና አሟለጨኝ፣ በቂጤ ተንሸራትቼ ሳማ መሃል ተቀመጥኩ። መሪያችን ከጅረቱ ዳር የቱልት ቅጠል ቆርጦ በእጁ እያሸ አመጣልኝ። ማቃጠሉ ትንሽ በረድ አለ፤ ሱሪዬ ግን እስከ ዛሬ አልተሰፋም። ከሁሉም የከፋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጅረቱ ጋ የደረስነው ወደ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ እኛ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ላይኛው ጋራ ላይ ዘንቦ ኖሮ ጠዋት ድንጋዩን ያየንበት ጥርት ያለ ውሃ ቡና በወተት መስሏል። ልንሻገርባቸው ያሰብናቸው ድንጋዮች አንዳቸውም አይታዩም። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን ጠበቅን።

ነርሷ፦ እኔም በጸሐፊያችን በኩል ነኝ። ጉልበት የሚጎዳው ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው። ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል፣ ቆም ሲሉ ይመለሳል። ሲወርዱ ግን ጭኑ የሰውነትን ክብደት በየእርምጃው እየያዘ ነው የሚለቀው፣ በዚያ ላይ ሰው ይደክማል፣ የደከመ ሰው ደግሞ ይወድቃል። ዳገቱን ጠዋት ጉልበት ሳለን እንውጣው። ከዘራ ወይም ቀጥ ያለ ዱላ ሁሉም ይያዝ፣ «ሽማግሌ አይደለሁም» የሚለኝን አልሰማም። ደም ግፊት ያለበት ለብቻዬ ይንገረኝ፣ እዚህ አይጻፍ።

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ እኔ 67 ዓመቴ ነው። ዱላው ከድሮም አለኝ። ዳገቱን ግን አልሞክረውም። ጅረቱ ዳር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ጉሬዛ ባይ ይበቃኛል። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ምን አስባችኋል?

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ እንዳይቀሩብን! እርስዎና ዳገቱን የማይፈልጉ ሌሎች እስከ ጅረቱ አብረውን ይመጣሉ። ከዚያ አንድ ወጣት ከእናንተ ጋር ይቀራል። በቀስታ ወደ ፍል ውሃው ትመለሳላችሁ፣ እዚያ እንገናኛለን።

ባለ ሱቁ፦ እሺ፣ ስለ ጅረቱ ተሸንፌያለሁ። ግን ስንት ሰዓት ይፈጃል? አምና «ሁለት ሰዓት ነው» ተብለን ምሳ ሳንበላ ነው የዋልነው።

የደን ባለሙያው፦ አምና ስልኬ የለካው 8 ኪሎ ሜትርና 400 ሜትር አቀበት ነው፤ ስልክ ጫካ ውስጥ ትንሽ ይዋሻል፣ ለግምት ግን ይበቃል። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣት የተራራ ሒሳብ አለች፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር አቀበት ተጨማሪ 1 ሰዓት። በሱ ሒሳብ 2 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ይሄ ግን ጭቃ ያልነካው፣ ፎቶ የማያነሳ፣ ቆሎ የማይበላ ሰው ሒሳብ ነው። ለእኛ እጥፍ አድርጉት፣ 4 ሰዓት ተኩል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከጀመርን 7 ሰዓት ላይ ወርደናል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ እስከ 6 ሰዓት ጋራው ጫፍ ያልደረሰ ቡድን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጅረቱ ሳይሞላ በመጣበት ይመለሳል። «ትንሽ ነው የቀረን» የሚል ቃል አይሰማም።

ገንዘብ ያዡ፦ መኪናው ተጠይቋል፣ ደርሶ መልስ 7,200 ብር ይላሉ። 18 ሰው ከመጣ 400 ብር ይደርሰናል። 14 ብቻ ከመጣ ከ500 ያልፋል፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ክፈሉ። ባለፈው «እመጣለሁ» ብለው ጠዋት ስልክ የዘጉትን ሰዎች ስም አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ። ለመንገድ መሪና ለምሳ 150 ብር ጨምሩበት። በድምሩ 550።

ነርሷ፦ የምሳው ላይ ሐሳብ አለኝ። ዳቦ ብቻ ሆድ ይነፋል። ጭኮ ወይም በሶ ይዘን እንሂድ፣ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ሰው 2 ሊትር ውሃ። ፍል ውሃው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ጠጡ፣ ብዙም አትቆዩ፣ ደክሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ሰው ሲነሳ ዓይኑ ይጨልምበታል።

ባለ ሱቁ፦ ጭኮውን እኔ አመጣለሁ፣ እናቴ ትሠራዋለች። ቅዳሜ ነው ወይስ እሁድ?

ጸሐፊዋ፦ ቅዳሜ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ታዲያ እንዲህ ብዬ ልጻፈው፦ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ከሐዋሳ መነሳት፣ ጅረቱን በጠዋት መሻገር፣ ቀጥ ያለውን ዳገት መውጣትና ቀለል ባለው በኩል መውረድ፣ በ6 ሰዓት የመመለሻ ገደብ፣ ዳገቱን የማይወጡ በጅረቱ ዳር ተመላሽ ቡድን። ፈቃዱ ካልመጣ ወይም ዋዜማውን ከባድ ዝናብ ከጣለ ጉዞው በሳምንት ይገፋል፣ ገንዘቡም አይመለስም፣ ለሚቀጥለው ይያዛል። ከዚያ በፊት ሁለት ቅዳሜ እዚሁ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ላይ ወጥተን እግራችንን እንለማመድ። የሚቃወም እስከ ነገ ማታ ይጻፍ።

ጋሼ፦ አልቃወምም። ታቦር ላይም እመጣለሁ፣ እስከ ግማሽ።

ገንዘብ ያዡ፦ ጋሼ ከፍለዋል። አንደኛ እሳቸው ናቸው።