ጦስኝ አክታ ያቆማል እንዴ?

የጀበናዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ፣ ሐይቁ አካባቢ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ሦስት ሳምንት ሊሞላኝ ነው፣ ጠዋት ጠዋት አክታ እያነቀኝ ነው የምነሳው። ነጭ፣ እንደ ተልባ ውሃ የሚዝለገለግ። ትኩሳት የለኝም። እናቴ ጦስኝ ከዝንጅብል ጋር አፍልታ ትሰጠኛለች። ስጠጣው ደረቴ ለቀቅ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ያው ነው። ትናንት አንድ ደንበኛዬ ከስልኩ ላይ አነበበልኝ፤ የዕፅዋት ጭማቂ በሰው የአየር ቧንቧ ሴል ላይ አክታ ቀነሰ ይላል። እናቴ ይህን ስትሰማ ጦስኙን እጥፍ አደረገችው። ምላሴ ተላጠ። ሴሉ ላይ ከሠራ እኔ ላይ ለምን አይሠራም? ስንት ብርጭቆ ነው የሚጠጣው?

ነጭ ጋወን፦ እህቴ፣ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። «የሰው ሴል» ሲባል ሙሉ ሳንባ እንዳይመስልሽ። ለዚህ ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ኤንሲአይ-ኤች292 የሚባል ሴል ነው። ከሳንባ ካንሰር ዕጢ የተገኘ፣ ፕላስቲክ ሳህን ላይ የሚራባ። መጀመሪያ በሚያስቆጣ ነገር ይነካኩታል፣ ለምሳሌ በሲጋራ ጭስ። ሲቆጣ ሙሲን ያመርታል፤ አክታን የሚያዝለገልገው ፕሮቲን እሱ ነው። ከዚያ ጭማቂው እላዩ ላይ ይጨመርና ሙሲኑ ይለካል። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ የሞተ ሴልም ሙሲን አያመርትም። ስለዚህ ሴሉ በሕይወት መኖሩ አብሮ ካልተለካ «ቀነሰ» ማለት ወሬ ነው።

ያንቺ ጦስኝ ደግሞ በሆድ ነው የሚገባው። ጨጓራ አለ፣ ጉበት አለ። ከዚያ ተርፎ ሳንባ የሚደርሰውን ሳህኑ አይነግርሽም። ስለዚህ የብርጭቆ ቁጥር ከዚያ አይወጣም። ደስ ካለሽ ጠጪው፣ ትኩስ ነገር ለጊዜው ያለሰልሳል። ግን ምላስሽ እስኪላጥ አይደለም።

ባጃጁ፦ ዳማከሴ ጭመቂና በቡና ጠጪ፣ አለቀ። ቡናው እጅሽ ላይ ነው 😂

እትዬ ከአዳማ፦ ልጄ፣ እኔም አዳማ ላይ ዘጠኝ ዓመት ቡና ሸጫለሁ። ጦስኙን ተዪና አንድ ጥያቄ መልሺልኝ፤ የምትቆዪው የት ነው? በላስቲክ የተከለለ ቤት ውስጥ ከሰል፣ የሚቆላ ቡና፣ ዕጣን? ልጁ የነገረሽን አስቢው፣ እነሱ ሴሉን በጭስ ያስቆጡታል። ያንቺን ሴል የምታስቆጪው አንቺው ነሽ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

ነጭ ጋወን፦ እትዬ ጨረሱት። ደግሞ ሳል ካለሽና ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ለቲቢ አክታሽን አስመርምሪ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። አትፍሪ፣ ማወቁ ይሻላል።

የጀበናዋ፦ ሳሉም አለ፣ አልጻፍኩትም እንጂ። ዛሬ ሄጄ አክታ ሰጠሁ፣ ውጤቱ ገና ነው። ማንደጃውን ወደ ደጅ አወጣሁት፣ ዕጣኑንም አቆምኩ። «ዕጣን የሌለው ቡና ምን ቡና ነው» ብሎ ያኮረፈው ማን መሰላችሁ? ያው ያነበበልኝ ደንበኛዬ።